የኬሚስትሪ ትምህርት ከሩቅ ሲመጣ፤ ከፕላዝማ እስከ ኢንተርኔት በዲላና በጌዴኦ ዞን

መግቢያ

በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ጉዳይ ለአንዳንድ አንባቢያን የታሪክ ርእስ መስሎ ላይታይ ይችላል። ታሪክ ሲባል የነገሥታትን፣ የጦርነትንና የአዋጅን ነገር ማሰብ የተለመደ ነውና። ነገር ግን በአንድ አገር የሚኖር የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ አሲድና ቤዝ ምን እንደሆኑ ከማን እንደተማረ፣ በየትኛው ቋንቋና በምን መሣሪያ እንደተማረ መጠየቅም የታሪክ ሥራ ነው ብለን እናምናለን። ከልጁ ዕድል አብዛኛው የሚወሰነው በዚያ ክፍል ውስጥ ነው።

ዛሬ በኢንተርኔት ላይ በነጻ የሚገኘው የሁለተኛ ደረጃ የኬሚስትሪ ትምህርት እጅግ ብዙ ነው። መጽሐፉ፣ የተቀረጸው ትምህርት፣ በሥዕል የሚንቀሳቀሰው ሙከራ፣ ያለፉት ዓመታት ፈተናዎች ሁሉ አሉ። ጥያቄያችን ይህ ሁሉ በዲላ ከተማና በጌዴኦ ዞን ላለው ተማሪ ምን ጠቀመው የሚል ነው። ለዚህ መልስ ለማግኘት ከኢንተርኔት መጀመር አይበቃም። ኬሚስትሪ ከሩቅ ሲላክልን ይህ የመጀመሪያው ጊዜ አይደለምና። በመጀመሪያ በመምህር እግር መጣ፤ ቀጥሎ በሳተላይት መጣ፤ አሁን ደግሞ በስልክ እየመጣ ነው። ሦስቱን አመጣጦች ጎን ለጎን አድርገን ብናያቸው የትኛው ለምን እንደተሳካና ለምን እንደከሸፈ ለመረዳት ይቻላል።

ጽሑፉ የተመሠረተው በታወቁ የታሪክ ማስረጃዎች፣ ዲላ ላይ ካነጋገርናቸው ጥቂት መምህራን በሰማነውና በራሳችን ትዝታ ላይ ነው። መምህራኑ ስማቸው እንዳይጠቀስ ስለ ጠየቁን አልጠቀስንም። የደረስንበትም ፍርድ የእኛ እንጂ የእነርሱ አይደለም።

ሥፍራውና ቋንቋው

ዲላ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከዋና ከተማው 360 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የንግድ ከተማ ናት። በቀድሞው አስተዳደር በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት የደራሳ አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች፤ ዛሬ የጌዴኦ ዞን ዋና ከተማ ናት። ዞኑም ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ይገኛል። ከዲላ ወደ ደቡብ ወናጎ፣ ይርጋ ጨፌ፣ ኮቸሬና ገደብ ይከተላሉ፤ ወደ ምሥራቅ ደጋው ሲወጡ ቡሌ ይገኛል። ሕዝቡ እንሰትን፣ ቡናንና ታላላቅ ዛፎችን በአንድ ማሳ አዋሕዶ የሚያለማ በመሆኑ ይህ የጌዴኦ መልክዐ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል።

ለጥናታችን ከሥፍራው ይልቅ የሚያስፈልገው የቋንቋው ነገር ነው። የጌዴኦ ገበሬ ልጅ በቤቱ ጌዴኡፋ ይናገራል። በገበያና በመሥሪያ ቤት አማርኛ ይሰማል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ የሁለተኛ ደረጃው ግን በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ወሰነ። እንግዲህ ልጁ ዘጠነኛ ክፍል ሲደርስ አመድን፣ ጨውን፣ እርሾንና ዝገትን ከልጅነቱ ጀምሮ በእጁ ያውቃቸዋል፤ ኬሚስትሪ የሚነግረው ግን ስለ እነዚሁ ነገሮች በሦስተኛ ቋንቋ ነው። ከሩቅ የሚመጣ ትምህርት ሁሉ የመጀመሪያ ፈተናው ይህን ርቀት መሻገር ነው።

መምህሩ ራሱ መሣሪያ በነበረበት ዘመን

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሥራውን ሲጀምር በጠቅላይ ግዛቶቹ ያሉት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ሳይንስ የሚያስተምር ኢትዮጵያዊ መምህርም እንደዚሁ ብርቅ ነበር። ጉድለቱን የሞሉት ከሕንድና ከሌሎች አገሮች በውል የመጡ መምህራን ናቸው። በ1955 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን መግቢያ ላይ ደግሞ ከ270 የሚበልጡ የአሜሪካ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች መጥተው በየክፍለ ሀገሩ ትምህርት ቤቶች ተሠማሩ። በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ራሳቸው ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በክፍለ ሀገር የሚያገለግሉበት ደንብ ተጀመረ፤ አብዛኞቹም የተመደቡት በመምህርነት ነበር።

ይህ የመጀመሪያው አመጣጥ ነው። እውቀቱ ከሩቅ ቢመጣም በሰው አካል መጣ። እንግዳው መምህር የተማሪውን ፊት አይቶ ያልገባው መሆኑን ያውቃል፤ ያቆማል፤ ይደግማል፤ በሰሌዳው ላይ በጠመኔ ይሥላል። ኬሚካል ሲጎድለው ከገበያ ሎሚና ኮምጣጤ ያስገዛል። ጉድለቱ ግን ግልጽ ነው። መምህሩ ከዓመት ወይም ከሁለት ዓመት በኋላ ይሄዳል፤ ያወቀውንም ይዞ ይሄዳል። በየዓመቱ ደግሞ የተማሪው ቍጥር ከመምህሩ ቍጥር በላይ ይጨምር ነበር።

ለዚህ ጉድለት የተሰጠው ዘላቂ መልስ መምህራንን በአካባቢው ማሠልጠን ነበር። በ1988 ዓ.ም. የዲላ የመምህራን ትምህርትና የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ተከፈተ። ኮሌጁ በ1992 ዓ.ም. ከአዋሳ ግብርና ኮሌጅና ከወንዶ ገነት ደን ኮሌጅ ጋር ተዋሕዶ የደቡብ ዩኒቨርሲቲ አካል ሆነ፤ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ ራሱን ችሎ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። ይህን የምናነሣው ለኮሌጁ ምስጋና ለማቅረብ ብቻ አይደለም። ዲላ የኬሚስትሪ መምህራንን ማፍራት ከጀመረች ዐሥር ዓመት ሳይሞላ፣ ለመምህሩ ብዙ ቦታ የማይተው አዲስ መሣሪያ ወደ ክፍሎቹ ስለ ገባ ነው።

ትምህርት በሳተላይት

በኢትዮጵያ የቴሌቪዥን ሥርጭት የተጀመረው በ1957 ዓ.ም. ሲሆን፣ ቴሌቪዥንን ለትምህርት ማዋል የሚለው ሐሳብም ከዚያው ዘመን የራቀ አይደለም። ነገር ግን ሐሳቡ በመላው አገሪቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሥራ ላይ የዋለው በ1997 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ነው። ሕዝቡ ፕላዝማ ብሎ የሰየመው ይህ ነው። በየትምህርት ቤቱ ጣሪያ ላይ ዲሽ ተተከለ፤ በየክፍሉ ሰፊ ቴሌቪዥን በብረት ሳጥን ተቆልፎ ተሰቀለ። ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስ፣ ባዮሎጂ፣ ሒሳብና ሌሎችም ትምህርቶች በደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅተው፣ በእንግሊዝኛ፣ በአንድ ሰዓት ለአገሪቱ ሁሉ ይሠራጩ ጀመር።

ዓላማው የሚነቀፍ አልነበረም። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ቍጥር በፍጥነት እየጨመረ ነበር፤ ብቁ የሳይንስ መምህር በሁሉም ስፍራ አልተገኘም፤ የቤተ ሙከራ ዕቃ የሌላቸው ትምህርት ቤቶች ብዙ ነበሩ። በአዲስ አበባ ያለው ልጅና በገደብ ያለው ልጅ አንድ ዓይነት ትምህርት ይከታተሉ ማለት የፍትሕ ሐሳብ ነው። ካነጋገርናቸው መምህራን አንዱ፣ ተማሪዎቻቸው ሶዲየም በውኃ ላይ ሲነድድ ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት በፕላዝማ እንደሆነ ነግረውናል። በእርሳቸው ትምህርት ቤት ይህን ለማሳየት ሌላ መንገድ አልነበረም። ይህ እውነት መዘንጋት የለበትም።

ሆኖም መሣሪያው በባሕርዩ አንድ ጉድለት ነበረበት። አይቆምም። የክፍለ ጊዜውን አብዛኛውን ደቂቃ የሚወስደው ሥርጭቱ ነው፤ ለመምህሩ የተተወለት በመግቢያውና በመደምደሚያው ያሉ ጥቂት ደቂቃዎች ነበሩ። በማያ ገጹ ላይ ያለው አስተማሪ ጥያቄ ጠይቆ ለጥቂት ጊዜ ዝም ይላል፤ ከዚያም ክፍሉ መለሰ አልመለሰ መልሱን ተናግሮ ያልፋል። የኬሚካል እኩልታ ማስተካከል የሚማር ልጅ የግራውን ጎን ቈጥሮ ሳይጨርስ የቀኙ ተጽፎ ያልቃል። መብራት ከጠፋ ደግሞ የዚያ ቀን ትምህርት ያልፋል፤ በማግሥቱ የሚመጣው ተከታዩ ነው። ያመለጠው ክፍል እስኪደርስ የሚጠብቅ አልነበረም።

ሌላው ጉድለት ኬሚስትሪን በተለየ ሁኔታ ይነካል። የኬሚስትሪ ትምህርት በዓይን ብቻ የሚፈጸም አይደለም። የአሞኒያ ሽታ በዲሽ አይመጣም። ኖራ ውኃ ሲነካው ብልቃጡ በእጅ ውስጥ እንዴት እንደሚሞቅ ማያ ገጹ አያስታውቅም። ፕላዝማው ሙከራውን አሳየ፤ ነገር ግን በክፍሉ ውስጥ ሊደረግ የሚችለውን ትንሹን ሙከራ ጊዜውን ወሰደበት። ሌላ መምህር እንዳጫወቱን፣ ቀድሞ በሎሚና በአመድ ውኃ ያሳዩት የነበረውን ሙከራ በፕላዝማው ዓመታት ትተውት ነበር፤ ምክንያቱም ከቀራቸው ደቂቃ ጋር አይገጥምም።

ከዓመታት በኋላ መሣሪያዎቹ ቀስ በቀስ ተበላሹ፤ መለዋወጫና ጠጋኝ ጠፋ፤ በብዙ ስፍራ ሳጥኖቹ እንደ ተቆለፉ ቀሩ። እኛ የተማርንበት የሚስዮን ትምህርት ቤት ፕላዝማ አልነበረውም፤ አንዲት ጠባብ ቤተ ሙከራ ግን ነበረችው። በመንግሥት ትምህርት ቤት የሚማር ጓደኛችን ክፍላቸውን ሲያሳየን፣ ሳጥኑ በግድግዳው ላይ ተዘግቶ አየነው። ቍልፉ ከማን ጋር እንዳለ የሚያውቅ አልነበረም።

በጠብታ የሚሠራ ሙከራ

ትምህርቱ በሳተላይት በመጣበት ዘመን ከዚያው ከደቡብ አፍሪካ አንድ ሌላ ሐሳብም በዓለም ላይ እየተሰማ ነበር። በጆሃንስበርግ የሚገኘው የዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ ማእከል ራድማስቴ፣ የኬሚስትሪን ሙከራ በትንንሽ የፕላስቲክ ዕቃዎችና በጠብታ በሚለካ ኬሚካል እንዲሠራ አድርጎ አዘጋጀ። ዩኔስኮም ይህን የጥቃቅን ሙከራ ዘዴ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በብዙ አገሮች ለማስፋፋት ጣረ። ዕቃው ርካሽ ነው፤ ኬሚካሉ ጥቂት ስለሆነ አደጋውና ቆሻሻው ያንሳል፤ ከሁሉ በላይ እያንዳንዱ ተማሪ በራሱ እጅ ይሠራል።

የአፍሪካ ኬሚስቶችም ስለዚህ ጉዳይ ዝም አላሉም። የአፍሪካ የኬሚስትሪ ማኅበራት ፌዴሬሽን በየካቲት 1998 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተመሠረተ። ይኸው ፌዴሬሽን በ2003 ዓ.ም. የአፍሪካ የኬሚስትሪ ትምህርት መጽሔትን በኢንተርኔት ማውጣት ጀመረ፤ ዋና አዘጋጁም ኢትዮጵያዊው ምሁር ተመቸኝ እንግዳ ናቸው። የኢትዮጵያ ኬሚካል ማኅበርም ከዚያ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ፣ የራሱን የምርምር ቡለቲን ያወጣ ነበር፤ ዛሬ ቡለቲኑ በኢንተርኔት በነጻ ይነበባል።

ሁለቱን ስናነጻጽር፣ ሳተላይቱ በአንድ ጊዜ መላ አገሪቱን ለመድረስ ተመኘ፤ ጠብታው አንዱን ልጅ ለመድረስ ተመኘ። የመጀመሪያው በመላው አገሪቱ ተተከለ፤ ሁለተኛው ግን በአብዛኛው በመጽሔትና በዐውደ ጥናት ቀረ።

ኢንተርኔት ሲገባ

ኢንተርኔት ለኢትዮጵያ ሕዝብ አገልግሎት የተከፈተው በ1989 ዓ.ም. ነው። ለረጅም ጊዜ ግን የአዲስ አበባ መሥሪያ ቤቶችና የጥቂት ካፌዎች ነገር ሆኖ ኖረ። ወደ ጌዴኦ ተማሪ የደረሰው በኮምፒዩተር አይደለም፤ ዋጋው ቀንሶ በየቤቱ በገባው ስማርት ስልክ ነው። ለዚህም ነው ታሪኩ ከትምህርት ቤት ውጭ የተጀመረው።

ኢንተርኔትና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በአደባባይ የተገናኙበት የመጀመሪያው ታላቅ ጊዜ ደግሞ መልካም አልነበረም። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና አስቀድሞ በማኅበራዊ መገናኛ ወጥቶ ስለ ተገኘ ፈተናው ተሠረዘ። በድጋሚ በተሰጠ ጊዜም ማኅበራዊ መገናኛዎች ለጥቂት ቀናት ተዘጉ። በ2011 ዓ.ም. ሰኔ፣ በፈተናው ሰሞን፣ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ነበር። በዚህ ምክንያት በብዙ ወላጅና መምህር አእምሮ ውስጥ ኢንተርኔት የትምህርት ረዳት ከመሆኑ በፊት የፈተና ሌባ ሆኖ ተቀረጸ። ስልክ በክፍል ውስጥ ሲታይ የሚነጠቅበት ልማድ ከዚህ ስሜት የራቀ አይመስለንም።

በጌዴኦ ዞን ከዚህ የከበደ ሌላ ነገር ነበር። በ2010 ዓ.ም. ሚያዝያና ሰኔ በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አዋሳኝ በተነሣው ግጭት በመቶ ሺህ የሚቈጠር ሕዝብ ተፈናቀለ፤ ትምህርት ቤቶችም የተፈናቃዮች መጠለያ ሆኑ። የመማሪያ ክፍል ማደሪያ በሆነበት ዓመት ስለ ቤተ ሙከራ ማውራት ከንቱ ነው። ነገር ግን ይህ ታሪክ አንድ ነገር ያስተምራል። ትምህርት ቤቱ ራሱ በሚዘጋበት ቀን ከተማሪው ጋር አብሮ የሚሄድ ትምህርት ያስፈልጋል።

ያ ቀን ለመላ አገሪቱ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. መጣ። በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት መጋቢት 7 ቀን ትምህርት ቤቶች ሁሉ እንዲዘጉ ተወሰነ። እኛ በዚያን ጊዜ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ነበርን። በራዲዮና በቴሌቪዥን ትምህርት ተላለፈ፤ መምህራንም ማስታወሻና ጥያቄ በቴሌግራም ይልኩ ጀመር። ቡሌ ወረዳ ካሉት ዘመዶቻችን ዘንድ በሰነበትንበት ጊዜ ኔትወርክ የሚገኘው ከቤቱ በላይ ባለው ዳገት ላይ ብቻ ነበር። ስልኩ የአጎታችን ነው፤ ፓኬጅ የሚገዛውም በገበያ ቀን ብር ሲገኝ ነው። አንድ የኬሚስትሪ ቪዲዮ እስኪወርድ ዝናብ ይመጣና እንሮጣለን። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ደግሞ ኢንተርኔት በአገሪቱ በሙሉ ተቋረጠ፤ ለሦስት ሳምንት ያህልም አልተመለሰም። በዚያ ጊዜ የጠቀመን ቀደም ሲል አውርደን በሚሞሪ ካርድ ያስቀመጥነው ብቻ ነበር።

ትምህርት ቤቶች በ2013 ዓ.ም. በየተራ ሲከፈቱ ከመንደራችን አብረውን ከወጡት ልጆች አንዳንዶቹ አልተመለሱም። ከእነርሱ መካከል የንጥረ ነገሮችን ሰንጠረዥ ሃያኛው ድረስ በቃሏ የምታውቅ አንዲት ልጅ ነበረች። ስለ መሣሪያ ስንጽፍ እርሷን ማስታወስ ግዴታችን ይመስለናል።

በኢንተርኔት ያለውና እጅ የሚገባው

አሁን ያለውን ሁኔታ ስናይ፣ በኢንተርኔት ላይ ያለውንና በተማሪው እጅ የሚገባውን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል።

በኢንተርኔት ካሉት አንዱ ፌት የሚባለው ነው። ይህን በአሜሪካ በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመሩት፣ ከዓመት በፊት የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ከተካፈሉት አንዱ የሆኑት ካርል ዊማን ናቸው። ተማሪው በጣቱ እየነካ አቶም ይሠራል፤ አሲድን በውኃ ያቀጥናል፤ ፒኤች እንዴት እንደሚለወጥ ያያል። ካን አካዳሚን የመሰሉ የትምህርት ቪዲዮዎችም አሉ። የትምህርት ሚኒስቴር የመማሪያ መጻሕፍት በፒዲኤፍ ቅጂ ይገኛሉ፤ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲመጣ ብዙ ተማሪ መጽሐፉን ያገኘው ታትሞ ከመድረሱ በፊት በዚህ ቅጂ ነው።

በዲላ ተማሪ እጅ የሚገባው ግን በአብዛኛው በቴሌግራም የሚዘዋወረው ነው። ይኸውም መጽሐፉ፣ ያለፉት ዓመታት የማትሪክ ጥያቄዎችና አጭር ማስታወሻዎች ናቸው። ቪዲዮ ውድ ነው። እያንዳንዷ ደቂቃ ከፓኬጁ ላይ ትቈረጣለች። ስለዚህ አንዱ ያወረደውን ለሌላው በፍላሽ ወይም ከስልክ ወደ ስልክ ያስተላልፋል። ይህ ልማድ ትንሽ ቢመስልም የዚህ ታሪክ ዋና ፍሬ በውስጡ ያለ ይመስለናል። ከስልክ ወደ ስልክ የሚተላለፈው ትምህርት የሚቆም፣ የሚደገም፣ መብራት ሲጠፋ የማያልፍ ነው።

በዚህም ላይ ሁለት ነገሮች ማስጠንቀቂያ ይሆናሉ። አንደኛው፣ በኢንተርኔት ያለ ነገር ሁሉ ዘላቂ አለመሆኑ ነው። በብዙ አገሮች የተዘጋጁ እጅግ ብዙ የኬሚስትሪ ተንቀሳቃሽ ሥዕሎች ፍላሽ በሚባለው ፕሮግራም የተሠሩ ነበሩ። ባለቤቱ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ፕሮግራሙን ሲያቆም ወደ አዲስ ዘዴ ያልተለወጡት መከፈት ተሳናቸው። ሁለተኛው፣ የማትሪክ ጥያቄ ማጥናት ኬሚስትሪን ማወቅ አለመሆኑ ነው። እኛ ራሳችን የታይትሬሽን ጥያቄ በቀመር እየሠራን ቢዩሬት የሚባለውን ዕቃ በዓይናችን ሳናይ የቆየንበት ጊዜ ነበር።

ፈተናውም ይህን ገልጧል። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ በጥብቅ ቍጥጥር ሲሰጥ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ነበሩ። እኛም ከ2015ቱ ተፈታኞች መካከል ነበርን። ይህ ውጤት የኬሚስትሪ ብቻ ውጤት አይደለም፤ ምክንያቱም አንድ ብቻ አይደለም። ቢሆንም መጽሐፉና ጥያቄው በስልክ መገኘቱ ብቻውን ዕውቀት እንዳላመጣ ያስረዳል። በ2016 ዓ.ም. ፈተናው ራሱ ለአንዳንድ ተማሪዎች በኢንተርኔት መሰጠት መጀመሩም ከ2008 ዓ.ም. ጋር ሲታይ የሚያስደንቅ ለውጥ ነው። በስምንት ዓመት ውስጥ ሌባ የተባለው መንገድ ፈታኝ ሆነ። ነገር ግን በስልክ መማር ያልለመደ ልጅ በኮምፒዩተር እንዲፈተን መጠየቅ ትምህርቱ ሳይቀድም ፈተናው እንዲቀድም ማድረግ ነው።

ማነጻጸር

ሦስቱን አመጣጦች በአንድ ሚዛን ለመመዘን ሦስት ጥያቄዎች ብናቀርብ ይበቃሉ። ትምህርቱን ማን ሊያቆመው ይችላል? በየትኛው ቋንቋ ይብራራል? ከተማሪው እጅ ምን ይተርፋል?

እንግዳው መምህር ትምህርቱን ማቆም ይችል ነበር፤ በቋንቋ በኩል ግን ከተማሪው ጋር የተራራቀ ነበር፤ ሲሄድም ከደብተር ማስታወሻ በቀር የሚተርፍ አልነበረም። ፕላዝማውን ማንም ሊያቆመው አልቻለም፤ የሚናገረው በሩቅ አገር ድምፅ ነበር፤ ሲበላሽም የተረፈው ባዶ ሳጥን ነው። ኢንተርኔት ሊቆም ይችላል፤ ከወረደ ይተርፋል፤ በአማርኛም የሚያብራሩ ወጣቶች በዝተዋል። እንግዲህ ከቀደሙት የተሻለ ነው ብንል ግነት አይሆንም። ግን አንድ ነገር ጎድሎታል። ፕላዝማው መምህሩን በክፍሉ ውስጥ ዝም አሰኘው፤ ስልኩ ደግሞ ከነጭራሹ ከክፍሉ ውጭ ትቶታል። ተማሪው ብቻውን ሌሊት ያያል፤ የተሳሳተውን የሚያርመው የለም።

አንዳንድ ጓደኞቻችን በዚህ ላይ ሲከራከሩን፣ መምህር በሌለበት ስፍራ ስልክ መኖሩ ከምንም ይሻላል ይላሉ። ልክ ነው። ይህ ግን ስለ ፕላዝማም የተባለ ነገር ነበር። «ከምንም ይሻላል» የተባለ መሣሪያ ዓመታት ካለፉ በኋላ የመምህሩን ቦታ ይዞ ሲገኝ አይተናል። በዲላ ዛሬ በኬሚስትሪ የተመረቁ ወጣቶች አሉ፤ የጎደለው በሰውዬው፣ በትምህርቱ ቅጂና በዕቃው መካከል ያለው መጋጠሚያ ነው።

መጋጠሚያው ምን ሊሆን እንደሚችል በአንድ ምሳሌ እንግለጽ። የጌዴኦ ቤተሰብ የእንሰቱን ፍቅፋቂ በጉድጓድ ቀብሮ ቆጮ ሲያበላው ላክቲክ አሲድ የሚሠሩ ረቂቅ ሕዋሳት ሥራ ላይ ናቸው፤ ብላቱ እየጠና ሲሄድ አሲዱ ይጨምራል፤ ፒኤቹ ይወርዳል፤ ቆጮውም ሳይበላሽ ይቈያል። በይርጋ ጨፌ የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎችም እሸቱ ቡና ከተፈለፈለ በኋላ በገንዳ ውስጥ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ሲቈይ ልጋጉ የሚለቀው በዚሁ ዓይነት መብላላት ነው። አንድ መምህር የፌትን የፒኤች ትምህርት አስቀድሞ አውርዶ በአንድ ስልክ ለክፍሉ ያሳያል፤ አቁሞ በጌዴኡፋና በአማርኛ ያብራራል። ቀጥሎ ከቀይ ሽንኩርት ልጣጭ በፈላ ውኃ የወጣውን ቀለም በሎሚ፣ በአመድ ውኃና ከቤት በመጣ የቆጮ ጭማቂ ላይ ጠብ ያደርጋል። ልጆቹ ቀለሙ ሲለወጥ ያያሉ፤ ይጽፋሉ። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ስልክ፣ ጥቂት ብርጭቆና አርባ ደቂቃ ነው።

ይህን ከንግግር ወደ ሥራ ለማውጣት በዲላ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ የኬሚስትሪ ተማሪዎች ብዙ ሊያደርጉ ይችላሉ። ኪዊክስ በሚባለው ፕሮግራም ሙሉ ዊኪፔዲያንና የፌት ትምህርቶችን ያለ ኢንተርኔት በኮምፒዩተር ማስቀመጥ ይቻላል። እንዲህ ያለውን ስብስብ በፍላሽ ይዞ ወደ ወናጎ ወይም ወደ ኮቸሬ የሚሄድ ተማሪ፣ በ1957 ዓ.ም. ከዩኒቨርሲቲ ወደ ክፍለ ሀገር የሄዱትን ቀደምት ተማሪዎች ሥራ ይቀጥላል። ልዩነቱ፣ እርሱ ሲመለስ የያዘውን ለመምህሩ ትቶ መመለሱ ነው።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ ካየነው የምንረዳው፣ በዲላና በጌዴኦ የኬሚስትሪ ትምህርት የተጠቀመው መሣሪያው አዲስ በሆነ ጊዜ ሳይሆን መሣሪያው በአካባቢው መምህር እጅ በገባ ጊዜ ነው። የሳተላይቱ ትምህርት ያልሰመረው ሥዕሉ መጥፎ ስለ ነበረ አይደለም፤ መምህሩ ሊያቆመው ስላልቻለ ነው። ኢንተርኔት ደግሞ ሊቆም የሚችል ትምህርት ሰጥቶናል። እንግዲህ የሚቀረው በክፍል ውስጥ አቁሞ «ገባችሁ?» የሚል ሰው ማስቀመጥ ነው።

በ2012 ዓ.ም. ዳገቱ ላይ አብራን ቪዲዮ እስኪወርድ ትጠብቅ የነበረችው ልጅ ዛሬ ልጅ አዝላ በይርጋ ጨፌ ገበያ ቡና ትሸጣለች። ባለፈው ክረምት አግኝተናት ስንጫወት ያን ሰንጠረዥ እየሣቀች እስከ ካልሲየም ድረስ ወጣችው። ልጇ ዘጠነኛ ክፍል እስኪደርስ ዐሥር ዓመት ከዚያም በላይ አለን። ይህ ጊዜ ለሥራው የሚያንስ አይመስለንም።

በጽሑፋችን ውስጥ ስሕተት ያገኘ አንባቢ፣ በተለይም በእነዚያ ዓመታት በዞኑ ያስተማሩ መምህራን፣ ቢያርሙንና ያላወቅነውን ቢነግሩን በደስታ እንቀበላለን።